ይዞ የሚለቅ ወጥመድ

ዛሬ የምተርክላችሁ የአንበሳ ጀብዱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ክብደቷ ከአንድ የዶሮ እንቁላል ብዙም የማይበልጥ የበረሃ ፍጥረትና፣ እሷን ለማወቅ ብለው ከ40 ዓመት በላይ ወር በወር ወጥመድ ሲጠምዱ የኖሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ወጥመድ ስላችሁ ደም አይታያችሁ። የዚህኛው ወጥመድ ጥበቡ ይዞ መልቀቁ ላይ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምቆጥርላችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቦታው አሜሪካ ነው፤ የአሪዞና ክፍለ ግዛት ከኒው ሜክሲኮ ጋር በሚዋሰንበት በደቡብ ምሥራቁ ጥግ። እዚያ የቺሪካዋ ተራሮች ቆመዋል፤ ከአፓቼ ሕዝብ አንዱ ወገንም በዚሁ ስም ይጠራል። ከተራሮቹ በስተምሥራቅ የሳን ሳይመን ሸለቆ ይዘረጋል፤ ግርጌው ላይ ፖርታል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሯ ወጣ ሲሉ የቺዋዋ በረሃ ይጀምራል። በረሃ ስል አሸዋ ብቻ አይምሰላችሁ። ክሪዮሶት የሚባል ቁጥቋጦ አለ፣ ግራር አለ፣ ሜስኪትም አለ፤ ሜስኪት የእኛን የአፋር ምድር የወረረው የፕሮሶፒስ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። በቁጥቋጦዎቹ መካከል ገላጣ መሬት ይታያል። ዝናብ ሲጥል ገላጣው ሣርና አበባ ይለብሳል፤ ዝናቡ ሲጠፋ ሁሉም ደርቆ ይረግፍና ዘሩ ብቻ አፈር ውስጥ ተኝቶ ቀኑን ይጠብቃል።

የታሪካችን ባለቤት የምትኖረው በዚያ ዘር ነው።

ስሟ የካንጋሮ አይጥ ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ከአውስትራሊያው ካንጋሮ ጋር ዝምድና የላትም፤ ጎተራችንን ከምታምሰው አይጥም ቤተሰቧ ሌላ ነው። የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ናት፤ ሃያ ያህል ዝርያዎቿ ሁሉ ከዚያው አህጉር ወጥተው አያውቁም። ካንጋሮ ያሰኛት አካሄዷ ነው። የፊት እግሮቿ አጫጭር፣ የኋላዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ በሁለት እግሯ እየዘለለች ትሄዳለች። ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይም ጎፈር ያለ ጸጉር አለው፤ አየር ላይ ሳለች ሚዛኗን የምትጠብቀው በእሱ ነው። በጉንጮቿ ውጪ፣ በግራና በቀኝ፣ ውስጣቸው ጸጉር የለበሰ ሁለት ኪሶች አሏት። በፊት እጆቿ ዘር ከአፈር እየለቀመች ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ኪሶቿ ውስጥ ትከታለች፤ ሲሞሉላት ሮጣ ጉድጓዷ ውስጥ ታራግፋለች። በሰሃራና በዓረብ በረሃዎች ጀርቦዋ የሚባል ትንሽ ዘላይ አለ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ በመኪና መብራት ሲዘል አይታችሁት ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው መንትያ ትሏቸዋላችሁ። የቅርብ ሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም፤ በአንድ መልክ የቀረጻቸው በረሃ ነው።

"ውኃስ ከየት ታገኛለች?" ትሉኝ ይሆናል። የካንጋሮ አይጥ ውኃ ሳትጠጣ መኖር ትችላለች። ይህን ነገር በሙከራ የመረመረው ክኑት ሽሚት-ኒልሰን የሚባል የኖርዌይ ተወላጅ ሊቅ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከባለቤቱ ከቦዲል ጋር አሪዞና በረሃ ወርዶ የዚህችን ፍጥረት የውኃ ገቢና ወጪ እንደ ሱቅ ሒሳብ አስልቷል። ስሙት። በአንድ ወር ገደማ 100 ግራም የደረቀ ገብስ ትበላለች። ገብሱ በሰውነቷ ውስጥ ሲቃጠል 54 ግራም ውኃ ይፈጠራል። ገብሱ ራሱ የያዘው እርጥበት 6 ግራም ይጨመርበታል፤ ገቢው 60 ሆነ። ወጪው ደግሞ በትንፋሽና በቆዳ 43.9 ግራም፣ በሽንት 13.5፣ በዓይነ ምድር 2.6 ነው። ደምሩት፤ 60 ይመጣል። ሒሳቡ ተዘጋ። ኩላሊቷ ሽንቷን እጅግ አወፍሮ ውኃውን ያስቀርላታል። ቀኑን ደግሞ የጉድጓዷን አፍ በአፈር ደፍና፣ የገዛ ትንፋሿ እርጥበት በከበባት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ታሳልፈዋለች።

ታዲያ ቀን የምትደበቀውን፣ ሌሊት ብቻ የምትወጣውን ፍጥረት ሰው እንዴት ይወቃት? በወጥመድ ነዋ።

በ1977 ጄምስ ብራውን የሚባል የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ፖርታል አጠገብ 20 ሄክታር መሬት ላይ ሥራ ጀመረ። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። በዚያ በረሃ ዘር የሚበላው ብዙ ነው፤ ጉንዳኑም፣ ወፉም፣ አይጡም ከአንድ ገበታ ይበላል። ከገበታው አንዱ ቢጎድል የእሱን ድርሻ ማን ይበላዋል? ምድሩስ ምን ይሆናል? ይህን ለመመለስ 24 መደቦችን በወንፊት ሽቦ አጠሩ፤ እያንዳንዱ መደብ 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው። ቆፍሮ የሚገባ እንዳይኖር ሽቦውን ከሥሩ መሬት ውስጥ ቀበሩት፤ ተንጠላጥሎ የሚሻገር እንዳይኖር ከላይ ለስላሳ ቆርቆሮ አደረጉበት።

ብልሃቱ ያለው ግን በሮቹ ላይ ነው። በአንዳንዱ መደብ አጥር ላይ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ከፈቱ፤ በእነሱ ሁሉም እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። በሌላው መደብ ቀዳዳው 1.9 ሴንቲ ሜትር በ1.9 ብቻ ነው። ትንንሾቹ አይጦች በዚያ ሾልከው ያልፋሉ፤ ጭንቅላቷ ትልቅ የሆነው የካንጋሮ አይጥ ግን ከደጅ ትቀራለች። በቀሩት መደቦች ጭራሹኑ ለአይጥ በር የለም። ያው ፀሐይ፣ ያው ዝናብ፣ ያው አፈር፤ ዋናው ልዩነት የቀዳዳው ስፋት ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ መቁጠር ነበር። በየወሩ መቁጠር።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልውሰዳችሁ።

ወጥመዱ የሚዘረጋው ጨረቃ በምትጠፋበት ሰሞን ነው። የካንጋሮ አይጥ ሙሉ ጨረቃ አትወድም፤ ምድሩ ሲበራ ጉጉት ስለሚያያት ገላጣውን ትታ በቁጥቋጦ ሥር ትቆያለች ወይም ጉድጓዷ ውስጥ ትቀራለች። አንዱን ወር በጨለማ፣ ሌላውን በጨረቃ ብትቆጥሩ የቆጠራችሁት አይጥ ሳይሆን ጨረቃ ይሆናል። ስለዚህ ወሩን ከወሩ ለማስተያየት ጨለማውም እኩል መሆን አለበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዎቹ ወጥመዱን ተሸክመው ይመጣሉ። የሸርማን ወጥመድ ይባላል። ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ሲታጠፍ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ሲዘረጋ ረዘም ያለ ሳጥን ይሆናል። ውስጡ ሲረገጥ ዝቅ የሚል ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ እንስሳዋ ስትረግጠው መዝጊያው ከኋላዋ ቀጭ ይላል። በእያንዳንዱ መደብ 49 ችካሎች ተተክለዋል፤ ሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት። በየችካሉ ሥር አንድ ወጥመድ ይቀመጣል፤ ውስጡም የዳጉሳ ዘመድ የሆነ ደቃቅ ዘር ይበተናል። ለ24ቱ መደብ 1,176 ወጥመድ መጥመድ ማለት ነው፤ ሁለት ሌሊት ይፈጃል።

የካንጋሮ አይጥ የሚይዝ ሰው ደግሞ የሚጠነቀቅላቸው ነገሮች አሉ። ወጥመዱ ካጠረ መዝጊያው ረጅሙን ጅራቷን ይቆርጠዋል ወይም ይልጠዋል፤ ስለዚህ ረዘም ያለው ወጥመድ ይመረጣል። ሌሊቱ የሚበርድ ከሆነ ውስጡ ጥጥ መሰል ነገር ይጨመራል። ጉንዳን ካለበት ወጥመድ አይቀመጥም፤ የታሰረ ሊሸሽ አይችልምና ጉንዳን ይጨርሰዋል። ሊለቅ የሚይዝ ሰው የያዘውን በሕይወት የማቆየት ዕዳ አለበት።

ሰዎቹ ወጥመዱን ጠምደው ይመለሳሉ። በረሃውም ይነቃል።

የካንጋሮ አይጥ የጉድጓዷን መድፈኛ በቀስታ ገፍታ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ ታዳምጣለች። ያ ትልቅ ጭንቅላቷ ለከንቱ አልተሰጣትም፤ አብዛኛው የጆሮዋ ጓዳ ነው። በ1962 ዳግላስ ዌብስተር የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ያ ጓዳ ወፍራም ድምፅ ለመስማት ነው፤ የጉጉት ክንፍ አየር ሲቀዝፍና እባብ ለመንደፍ ሲወረወር የሚወጣውን፣ ሌላው ጆሮ የማይደርስበትን ድምፅ። ጅራቱን እንደ ጸናጽል የሚያንሿሿው እባብ ቁጥቋጦ ሥር ተጠምጥሞ ሲጠብቃት ይኖራል፤ ሲወረወርባት ግን ቀድማ ወደ ላይ ትዘላለች። በአሪዞና በረሃ የሌላ ዝርያ ካንጋሮ አይጥና እባብ ሲተናነቁ ፈጣን ካሜራ ቀርጿቸዋል፤ ፈጣኗ አይጥ በ38 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተነሥታለች። የእኛ ዓይን አንዴ ለመርገብገብ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስድበታል።

ባለሰንደቅ ጅራት የምትባለው ትልቋ ዝርያ ደግሞ ነጋሪት አላት። በኋላ እግሮቿ መሬቱን ትጎስማለች። ጃን ራንዳል የምትባል ተመራማሪ ዓመታት ሰጥታ ስታዳምጥ እያንዳንዷ አይጥ የራሷ ምት እንዳላት ደረሰችበት፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በምቱ ይለየዋል። እባብ ሲቀርብም ይጎስሙበታል። "አይቼሃለሁ" እንደ ማለት ነው፤ የታየ እባብ አድብቶ መያዝ አይችልምና ብዙ ጊዜ ትቷት ይሄዳል።

ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ መደቡ ላይ ናቸው። ፀሐይ ከበረታች ብረቱ እንደ ምጣድ ይግላልና መዘግየት ነውር ነው። በየረድፉ ያልፋሉ። መዝጊያው ክፍት ከሆነ ባዶ ነው። ከተዘጋ ብድግ አድርጎ ክብደቱን በእጅ መገመት ነው። እንግዳ ካለበት አፉ ላይ ከረጢት አድርገው ያዘነብሉታል፤ ዱብ ትላለች። ከከረጢቱ ውጪ ማጅራቷን በሁለት ጣት ይይዟታል፤ እንዳትጎዳ አላልተው፣ እንዳታመልጥ ጠበቅ አድርገው።

ከዚያ ማንነቷ ይጠየቃል። የጅራቷ ጫፍ ነጭ ከሆነና ከ100 ግራም በላይ ከመዘነች ያቺ ባለነጋሪቷ፣ ባለሰንደቋ ናት። ትንሽ ከሆነች የኋላ እግሯን ጣቶች ቁጠሩ። አራት ከሆኑ የሜሪያም ካንጋሮ አይጥ ናት፤ አምስት ከሆኑ የኦርድ። ሁለቱ በመልክ እህትማማች ይመስላሉ፤ የምትለያቸው ያቺ አምስተኛ ጣት ናት። ከዚያ በስፕሪንግ ሚዛን ትመዘናለች፣ የኋላ እግሯ በሚሊ ሜትር ይለካል፣ ሴት ወይም ወንድ መሆኗ፣ እርጉዝ ወይም አጥቢ መሆኗ ይጻፋል። ቁጥር ይሰጣታል፤ ድሮ ጆሮ ላይ በሚሰካ ቁራጭ ብረት ነበር፣ ኋላ ግን ከቆዳ ሥር የምትገባ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ መጣች። ቁጥሩ ቀድሞ ካላት የሰዎቹ ፊት ይፈካል፤ ያለፈው ወር እንግዳ ተመልሳለችና፣ ከእባቡም ከጉጉቱም ተርፋለችና። ተጽፎ ሲያበቃ በተያዘችበት ችካል ሥር ትለቀቃለች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ መዝገብ ላይ ባዶው ወጥመድም ይቆጠራል። በወጥመዱ ያልገባችው አይጥ እንደገባችው ሁሉ ምስክር ናት። ባዶ ወጥመድ ግን በአንድ ሌሊት አይናገርም። ሌሊቱ በርዶ ይሆናል፣ አይጧ ጠግባ ይሆናል፣ ወይም የሚያድናት ቀበሮ በአጠገቡ አልፎ ይሆናል። ባዶው ወጥመድ የሚናገረው ተመላልሶ ለሚጠይቀው ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ የፖርታል መደቦች ይንገሩን።

የካንጋሮ አይጥ ከአጥር ውጪ በቀረችባቸው መደቦች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትንንሾቹ ዘር በል አይጦች በዙ። ቢበዙም የእሷን ድርሻ በልተው አልጨረሱትም። ዓመታት አለፉ። ሰዎቹ በየወሩ ይመጣሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይለቃሉ። በ12ኛው ዓመት ገደማ አጥሩ ራሱ ይናገር ጀመር። የካንጋሮ አይጥ በሌለችበት መደብ ውስጥ ረጃጅም ሣር ሦስት እጥፍ ያህል በዝቶ ቆመ። በሣር ምድር የሚኖሩ ሌሎች የአይጥ ዝርያዎችም መጥተው ሰፈሩበት። ብራውንና ኤድዋርድ ሄስኪ ይህን በ1990 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ለዓለም ነገሩት።

ምክንያቱ ምን ነበር? ያቺ ፍጥረት ዘሩን ትበላለች፣ የተረፈውን ትቀብራለች፣ አፈሩን ሌት ሌት ትቆፍረዋለች፣ ትገለብጠዋለች። ሣሩ እንዳይበረታ፣ ገላጣው ገላጣ ሆኖ እንዲኖር ያደረገችው እሷና እህቶቿ ናቸው። ሊቃውንቱ ቁልፍ ዝርያ ይላሉ። እኔ የጎጆ ምሰሶ እላለሁ። ምሰሶ ሳር ክዳኑን ሁሉ ያህላል ማለት አይደለም፤ ሲነቀል ግን ጎጆው ቅርጹን ይለውጣል። እነዚያ ሰዎች በሦስተኛው ዓመት በቃን ብለው አጥሩን ነቅለው ቢሄዱ ኖሮ ያን ሣር ማን ያየው ነበር?

ታሪኩ አላለቀም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጥመዱ ውስጥ በዚያ ቦታ ታይቶ የማያውቅ እንግዳ ገባ፤ የቤይሊ ኪሰ አይጥ ይባላል። ከካንጋሮ አይጥ ቢያንስም ዘር በል ነው፣ በትንሿ ቀዳዳም ያልፋል። የካንጋሮ አይጥ በሌለችበት መደብ ተመቸው፤ በዛ። ሞርጋን ኧርነስትና ብራውን በ2001 እንደጻፉት፣ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ጎድሎ የኖረውን ድርሻ ይህ እንግዳ ከሞላ ጎደል ሞላው። እንግዲህ ተተኪ ተገኘ ተባለ። ኋላ ግን የእሱም ቁጥር ወደቀ፤ ጉድለቱም ተመልሶ ታየ። ምሰሶ በአንድ ቀን አይተካም፤ የተተካው ምሰሶም እስከ መጨረሻ ይቆማል ተብሎ አይታመንም።

ባለነጋሪቷስ? እሷን አልረሳኋትም። ጥናቱ ሲጀመር ባለሰንደቋ በዚያ ምድር የታወቀች ነበረች። ሣር የሚበዛበት ገላጣ ትወዳለች፤ ከጉድጓዷ በላይ ሜትሮች የሚሰፋ ጉብታ ትከምራለች፤ ውስጡም በኪሎ የሚቆጠር ዘር ታከማቻለች። ከ1977 በኋላ ባሉት ዓመታት ግን የብርድ ወራቱ ዝናብ በረታ፤ ያ ዝናብ ደግሞ ለሣሩ ሳይሆን ለቁጥቋጦው ጠቀመው። ብራውንና ባልደረቦቹ በ1997 እንዳተሙት፣ የቁጥቋጦው ብዛት ሦስት እጥፍ ሆነ። ባለሰንደቋ ተመናመነች፤ በመዝገቡ ላይ ስሟ እየራቀ፣ ወጥመዶቿ ባዶ እየሆኑ ሄዱ፤ ከቦታው ጠፋች ሊባል ደረሰ። ማንም አላሳደዳትም፣ ማንም መርዝ አልበተነባትም። ምድሯ ከሥሯ ተለወጠባት። ይህን የነገረን የያዘ ወጥመድ ሳይሆን ባዶው ነው።

በ2015 ተመራማሪዎቹ የአንዳንዱን መደብ በር ለወጡ። ለዓመታት ከደጅ ቀርታ ለነበረችው ለካንጋሮ አይጥ ሰፊው ቀዳዳ ተከፈተላት፤ ተመልሳ ገባች። አዲስ ጥያቄ ተጀመረ፤ ምሰሶው ሲመለስ ጎጆው የድሮ ቅርጹን ይይዝ ይሆን? መልሱም እንደ ቀድሞው በየወሩ ይለቀም ጀመር።

ከአሪዞና ወደ ምዕራብ ተሻግረን ካሊፎርኒያ ብንገባ ከዘመዶቿ ሁሉ ትልቋን፣ ግዙፏን ካንጋሮ አይጥ እናገኛለን። ጆሴፍ ግሪኔል የሚባል ታላቅ የእንስሳት ሊቅ በ1932 ስለ አኗኗሯ ጽፏል። ከሩቅ የሚታወቀው መንደሯ ነው፤ ክብ ክብ ሆኖ ሣሩ የታጨደ፣ አፈሩ የተነሣ ምድር። የሣሩን ራስ ቆርጣ ጉድጓዷ አጠገብ ትከምራለች፤ ነዶውን አውድማ ላይ እንደሚያደርቅ ገበሬ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ወደ ጓዳዋ ታስገባዋለች። ድሮ መኖሪያዋ የነበረውን የሳን ዋኪን ሸለቆ እርሻ ወሰደው፤ ጥቂት ቁርጥራጭ ቀረላት። በ1987 የአሜሪካ መንግሥት ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ አስገባት፤ ከቀሯት መጠጊያዎች ዋነኛው፣ ካሪዞ ሜዳ፣ በ2001 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተከለለ። በዚያ ሜዳ ኪት የሚባለው ትንሽ ቀበሮ እሷን አድኖ ይኖራል፣ እንሽላሊት ጉድጓዷ ውስጥ ከፀሐይ ይሸሸጋል። በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሯችን በፍልፈሉ እንደሚኖር የምታውቁ ይህ አይደንቃችሁም። የታላቁ ሕይወት በታናሹ ጉድጓድ ላይ ተተክሏል።

አንድ ታሪክ ቀርቶኛል፤ የባዶ ወጥመድ ታሪክ ነው። ሜክሲኮ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ኪንቲን የሚባል ሜዳ አለ። እዚያ የምትኖር የሳን ኪንቲን ካንጋሮ አይጥ የምትባል ዝርያ ነበረች። ሜዳው የቲማቲምና የአትክልት እርሻ ሆነ። ከ1986 በኋላ ያያት አልተገኘም፤ ፈልገው ያጡት ጠፍታለች ብለው ተስፋ ቆረጡ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የሳን ዲዬጎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰዎች የአካባቢውን ትንንሽ አጥቢዎች ለመመዝገብ እንደ ደንቡ ወጥመዳቸውን ጠምደው አደሩ። ጠዋት መዝጊያው ተዘግቷል። ከፈቱት። ውስጥ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ፍለጋው ለእሷ አልነበረም፤ ወጥመዱ ግን ስለተጠመደ ገባች። በ2018 ዜናው ለዓለም ተነገረ፤ መጠጊያዋን የሚጠብቁላት ሰዎችም አሉ።

በፖርታል ባዶው ወጥመድ ስለ ባለሰንደቋ እውነት ተናገረ። በሳን ኪንቲን ደግሞ የ30 ዓመት ዝምታ ውሸት ሆኖ ተገኘ። የለያቸው ምንድን ነው? በፖርታል ሰው በየወሩ ተመልሶ ጠይቋል፤ በሳን ኪንቲን የተጠመደው ወጥመድ ጥቂት፣ የተዘለለው ሌሊት ብዙ ነበር። "የለም" የሚል ቃል ከባድ ቃል ነው። ደግሞ ደጋግሞ ያልጠየቀ ሰው ሊለው አይገባም።

በፊኒክስ፣ በቱሳን፣ በሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህች ፍጥረት ጎረቤታችሁ ናት። ወጥመድ አትጥመዱ፤ ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ነው፣ የዱር አይጥም በባዶ እጅ አይነካም፤ አንዳንዱ ሃንታ የሚባል ክፉ ቫይረስ ይሸከማል። ባይሆን አንድ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከከተማው ራቅ በሉ። መኪናችሁን አጥፉ። ከቁጥቋጦ ሥር አፉ በአፈር የተደፈነ ጉድጓድ፣ በአቧራው ላይ የሁለት እግር ዱካ፣ በዱካው መካከል የጅራት ጭረት ስታዩ ቁሙ። ጉብታውን አትርገጡ። ዝም ብላችሁ አድምጡ። የመጀመሪያው ሌሊት ምንም ላያሳያችሁ ይችላል። በሚቀጥለው ወር ተመለሱ።